ከአባዬ ጋር አንድ ወር ፊልም

"ይቅርታ፣ እርስዎ የፊልሙ አባባ አይደሉም?"

መንግሥቱ ዳቦና ምስር ሒሳብ መክፈያው ጠረጴዛ ላይ እያስቀመጠ ነበር። ቀና ብሎ ልጅቷን አያት። ካናዳ፣ ዌስተን በሚባለው ሰፈር ባለው የሐበሻ ሱቅ በቅርቡ የተቀጠረች፣ ሐሴት የምትባል ተማሪ ናት። ሌላ ጊዜ ዕቃውን ከረጢት ውስጥ ከታ ከማሰናበት በቀር አውርታው አታውቅም። ዛሬ ግን የምታውቀውን ሰው እንዳገኘች ሁሉ ፊቷ በርቷል።

"የምን ፊልም?" አላት።

ስልኳን ከኪሷ አወጣችና ወደ እሱ አዞረችው። የራሱን ሳሎን አየ። የራሱን ሶፋ፣ ባለቤቱ ኤልፍነሽ በእጇ የሠራችውን የሶፋ ልብስ፣ ከዚያ የራሱን ፊት። ከላይ በእንግሊዝኛ "ከአባዬ ጋር አንድ ወር ፊልም" የሚል ተጽፏል። ሐሴት ማታ ማታ ከትምህርት ስትመለስ ባቡር ውስጥ ሆና እንደምታየው፣ አባቷ ሐዋሳ እንዳሉ፣ እሱ ስለ ድሮ ፊልም ሲያስረዳ የአባቷ ድምፅ እንደሚመጣባት ነገረችው። ይህን ሁሉ የተናገረችው በፍቅር ነበር። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ያኛውን ሳይ ግን ትንሽ ደነገጥኩ። ስለ ባለቤትዎ የተናገሩትን። እሳቸው አይተውት ምን አሉ?"

"የቱን?"

ፈልጋ ከፈተችለት። የራሱ ድምፅ ከሽንኩርቱና ከበርበሬው መደርደሪያ መካከል ተሰማው።

"እውነቱን ልንገርሽ? እናትሽን ሳገባት አልወዳትም ነበር። ሌላ የማስባት ሰው ነበረችኝ። እናትሽ ግን ካናዳ ነበረች፤ ስፖንሰር ልታደርገኝ ትችል ነበር። ያገባኋት ለዚያ ነው።"

ከሥሩ ቀስ ያለ ፒያኖ ገባ። የእሱ ፊት እንደቆመ ቀረ። "አባዬ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ነገረኝ" የሚል ጽሑፍ ወጣና አለቀ።

ከኋላው ወተት ይዞ ተራ የሚጠብቅ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ሐሴት ነገሩ እንዳላማረ ገባትና ስልኳን ቶሎ መለሰች፤ አላውቅም ነበር፣ ይቅርታ፣ እያለች ዕቃውን ትደረድር ጀመር። መንግሥቱ ሒሳቡን ከፈለ። ወጥቶ የእግረኛውን መንገድ ይዞ ትንሽ ከሄደ በኋላ ነው ዳቦውን ሱቅ እንደተወው ያስታወሰው። አልተመለሰም።

ሐሳቡ የልጁ የሔርሞን ነበር። መንግሥቱ ኤርፖርት አጠገብ ለአውሮፕላን ምግብ በሚያዘጋጅ ኩሽና ውስጥ ትሮሊ ሲገፋ ኖሮ፣ ትከሻው እምቢ ሲለው ባለፈው መኸር ጡረታ ወጣ። በረዶው ሲጀምር ከቤት መውጣት አቆመ። ኤልፍነሽ ከአረጋውያን መጦሪያው ሥራዋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት፣ ከጸሎት ወደ ቤት ስትመላለስ እሱ መስኮቱ ዳር ተቀምጦ ወደ ኤርፖርት የሚሄደውን ባቡር ይመለከታል። ሔርሞን አንድ ልጃቸው ናት። ኖርዝ ዮርክ በሚባል ሰፈር ኮንዶ ተከራይታ ትኖራለች፤ የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። አንድ እሑድ መጥታ አባቷን መስኮቱ ዳር አየችውና፣ ሰዎች እንዲህ ያደርጋሉ አለችው፤ አንድ ወር ይመርጡና በየቀኑ አንድ የድሮ ፊልም ያያሉ፣ ስላዩት ያወራሉ። ጃንዋሪን ሙሉ አብረን እንይ። መምጣት ስችል እመጣለሁ፣ ሳልችል በስልክ እናያለን። ሪከርድ አደርገዋለሁ፣ ማስታወሻ ይሆነናል።

መንግሥቱ ማስታወሻ ማለት እሱ ከሞተ በኋላ የሚከፈት ነገር መስሎት ነበር።

ጥቁርና ነጭ ፊልም ለእሱ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አልነበረም። የመጀመሪያውን ክረምት ፓርክዴል በሚባል ሰፈር ቤዝመንት፣ የምድር ቤት ክፍል፣ ተከራይተው ሲያሳልፉ፣ ኤልፍነሽ ሁለት ሥራ ስትሠራ፣ እሱ ሥራ ፈትቶ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ፊት ነበር። ከሰዓት በኋላ የድሮ ፊልም ይመጣል። የድሮዎቹ ተዋናዮች ቃላቱን አንድ በአንድ ለቅመው ይናገራሉ። እንግሊዝኛውን የተማረው ከእነሱ ነው። ለሥራ ሲጠየቅ ኮፍያውን አውልቆ እንደዚያ ዘመን ጌታ ሲናገር ጠያቂዎቹ ሳቁ፤ ግን ቀጠሩት። ከዚያ ወዲህ አልተዋቸውም። ማን እንዳነሣው፣ ማን መብራቱን እንደሠራ፣ የትኛው ትዕይንት ሲነሣ ዝናብ እንደነበረ ያውቃል። የሚነግረው ሰው ግን አልነበረውም። ኤልፍነሽ አትቃወምም፤ ከሥራ ደክማ መጥታ አጠገቡ ትቀመጥና የተዋናዮቹ ስም አልፎ ሳያልቅ ትተኛለች።

አሁን ልጁ አጠገቡ ተቀምጣ፣ "ካሜራው ለምን ራቀ?" ብላ ትጠይቃለች። ነገራት። ሲነግራት ደግሞ ሌላ ነገር እየተከተለ መጣ፤ ስለ ኩሽናው፣ ስለ አባቱ፣ ስለ ፓርክዴሉ ቤዝመንት። በወሩ መጀመሪያ ላይ መንግሥቱ የፊልሙ ሰዓት ሳይደርስ ጢሙን ይላጭ ነበር።

ስለ ኤልፍነሽ በተናገረበት ቀን ያዩት ፊልም ሩቅ አገር ሄዳ ሥራ ይዛ አንድን ሰው በደብዳቤ ስለምታስመጣ ሴት ነው። ሔርሞን በስልክ፣ አንተና ማሚ እንደዚህ ነበራችሁ? ብላ ጠየቀችው። ነገሩ የመጣው ከዚያ ነው። አሁን በበረዶው ላይ እየተራመደ ከዚያ በኋላ የተናገረውን ሁሉ አስታወሰ። አሁን ያሉበት ሕንፃ ውስጥ አሳንሰሩ ተበላሽቶ በቆየበት በጋ፣ እሱ የሌሊት ሥራ ሠርቶ ተኝቶ ሳለ፣ ኤልፍነሽ ሔርሞንን አዝላ፣ የታጠበ ልብስ በሁለት እጅዋ ተሸክማ ደረጃውን ስትወጣ ትንፋሽዋ ቀሰቀሰው። በሩን ከፍቶ ሲያያት ከታች ባለው ደረጃ መታጠፊያ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። እንዳይቀሰቀስ ብላ ጫማዋን እንኳ አውልቃ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሌላዋ ሴት አስቦ አያውቅም። ይህን ሁሉ ለሔርሞን ነግሯታል። እርግጠኛ ነበር።

"ቆርጣዋለች" አለ ለራሱ። ፊልም የሚያውቅ ሰው ነው። የአንድን ደግ ሰው ንግግር ትክክለኛው ቦታ ላይ ብትቆርጠው ሰውየው ጨካኝ እንደሚሆን ያውቃል።

አውቶቡስ መጠበቂያው ውስጥ ቆሞ ደወለላት። ድምፅዋን አፍና ነበር ያነሣችው።

"ሪከርድ አደርጋለሁ ብዬህ ነበር እኮ፣ አባዬ።"

"ለእኛ ነው ያልሽኝ።"

"ለእኛ ነው። ሰውም ያያል። ኮሜንቶቹን ብታያቸው፤ ሰው ሁሉ ወዶሃል።"

"የቀረውን የት ጣልሽው?"

"የቱን?"

"ከዚያ በኋላ ስለ እናትሽ የተናገርኩትን።"

 ከሔርሞን ጀርባ ሰዎች በእንግሊዝኛ ሲሳሳቁ ይሰማል።

"አባዬ፣ ሚቲንግ ላይ ነኝ" አለችው በመጨረሻ። "ቅዳሜ እመጣለሁ።"

ኤልፍነሽ ከሌላ ሰው ከመስማቷ በፊት መንግሥቱ ራሱ ሊነግራት ወሰነ። ከሥራ እስክትመጣ ምግቡን አሞቀ፣ ሰሐን አቀረበ፣ የሚጀምርበትን ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ ሠራው። መጣች። ቦት ጫማዋን አውልቃ በረዶው እንዲንጠባጠብ በሩ ሥር አስቀመጠችው፤ እጅዋን ታጥባ ተቀመጠች። ሔርሞን ያነሣችውን ነገር ለሰው አሳይታዋለች፣ ብሎ እንደጀመረ ኤልፍነሽ እንጀራውን መቁረሷን ሳታቆም፣ አውቃለሁ አለችው።

"ረቡዕ ነው ያየሁት። እታገኝ አሳየችኝ።"

እታገኝ የሴቶቹን ጸሎት የምትመራው ናት። ከጸሎት በኋላ ኤልፍነሽን ለብቻዋ ጠርታ፣ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ብላ ስልኩን ሰጠቻት። ሲመለሱ ሴቶቹ ወሬያቸውን አቁመው ወንበር ያነሡ ነበር። ሁሉም አይተውት ኖሯል።

መንግሥቱ ከረቡዕ ወዲህ ያለውን ቀን በአእምሮው መለሰው። ልብሱን አጥፋለታለች። ትከሻውን ቅባት አሽታለታለች። መድኃኒቱን ወስደህ ነበር? ብላ ጠይቃዋለች። አንድም የተለወጠ ነገር ሊያገኝ አልቻለም። ያ አስፈራው።

"ለምን ዝም አልሽ?"

"አንተ እስክትነግረኝ እየጠበቅኩ ነበር።"

ያን ጊዜ ስለ መቁረጥ አስረዳት። ሔርሞን አጭር ነገር ፈልጋ ግማሹን እንደወሰደች፣ ከዚያ ቀጥሎ ብዙ እንደተናገረ፣ ሙሉው ቢሰማ ትርጉሙ ሌላ እንደሆነ ነገራት። ኤልፍነሽ መጦሪያው ውስጥ ያሉትን አሮጊቶች እንደምታዳምጥ ዓይኑን እያየች አዳመጠችው።

"ቀጥሎ ምን ነበር ያልከው?"

መንግሥቱ አፉን ከፈተ። ደረጃው፣ ጫማዋ፣ ትንፋሽዋ፣ ሁሉም እዚያው ነበሩ። ግን የወጥ ቤቱ መብራት ከላይ እየበራ፣ እሷ እጅዋን በሰሐኑ ላይ አድርጋ ስታየው፣ ከምን እንደሚጀምር ጠፋው።

"ጥሩ ነገር ነው የተናገርኩት" አላት።

"ምን?"

"ሔርሞን ቅዳሜ ስትመጣ ትሰሚዋለሽ።"

ኤልፍነሽ እንጀራ ቆረሰች። "እሺ" አለች። "እንሰማዋለን።"

ዓርብ ማታ ልብስ እያጠፈች ሳለ አንድ ጊዜ ብቻ መልሳ ጠየቀችው። አልወዳትም ነበር ካልከው በኋላ የቀጠለ ነገር አለው? አለችው። አለው አላት። ራስዋን ነቀነቀችና ማጠፏን ቀጠለች፤ ግን ቅዳሜ ጠዋት ከጉዳይዋ ስትመለስ ጸጉርዋን ተሠርታ መጣች። መንግሥቱ አየና ወደ መስኮቱ ዞረ። ለሔርሞን የምትወደውን ዓሣ ጠበሰች፤ ቀሚስ ለወጠች፤ ማንም ሳይጠራት ሶፋው ላይ ቀድማ ተቀመጠች።

ሔርሞን ላፕቶፕዋን ታቅፋ ነው የመጣችው። ዓይንዋ አብጧል። እናቷ ወጥ ቤት ሳለች አባቷን ኮሪደሩ ውስጥ ይዛ፣ ባናየው ይሻላል፣ ዛሬውኑ ዲሊት አደርገዋለሁ፣ ያለፈው ይለፍ፣ ብላ ለመነችው። መንግሥቱ ለራስዋ የፈራች መሰለው። እናትሽ ትስማ፣ ሙሉውን ክፈቺው፣ አላት። 

"እርግጠኛ ነህ አባዬ?"

"ክፈቺው አልኩሽ።"

ሦስቱም ተቀመጡ፤ ኤልፍነሽ መሐል። ሔርሞን ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ከፈተችው። ፒያኖ የለውም። ፊልሙ ከርቀት ይሰማል፤ መንግሥቱ ትራሱን ተደግፎ ይናገራል። እናትሽን ሳገባት አልወዳትም ነበር። ሌላ የማስባት ሰው ነበረችኝ። እናትሽ ግን ካናዳ ነበረች፤ ያገባኋት ለዚያ ነው።

እዚህ ድረስ ሁሉም የሚያውቀው ነው። ከዚያ የሔርሞን ድምፅ፣ "ከዚያስ?" አለ።

ስክሪኑ ላይ ያለው መንግሥቱ አፉን ከፈተ። ኤልፍነሽ ወደ ፊት ጠጋ አለች። ሶፋው ላይ ያለው መንግሥቱም እስትንፋሱን ይዞ ጠበቀ፤ አሁን ደረጃው ይመጣል፣ አሁን። የስክሪኑ ሰውዬ ወደ ቴሌቪዥኑ እያየ ብዙ ቆየ። የፊልሙ ሙዚቃ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ጣቱን አነሣ።

"እያት፣ እያት" አለ። "መብራቱን ግማሽ ፊቷ ላይ ብቻ ነው የጣሉት። እንዴት ታምራለች።"

የሔርሞን ድምፅ ትንሽ ሳቀና "ኦኬ" አለ። የስክሪኑ ሰውዬ ስለ መብራቱ ቀጠለ። ድሮ እንዴት በጨርቅ እንደሚያለዝቡት፣ ተዋናይቷ በአንድ ጎንዋ ብቻ መነሣት እንደምትወድ ዘርዝሮ አስረዳ።

ሔርሞን ልትዘጋው እጅዋን ዘረጋች።

"ተይው" አለች ኤልፍነሽ። "ይቀጥል።"

ቀጠለ። ፊልሙ እስኪያልቅ፣ መንግሥቱ ተነሥቶ መብራት እስኪያበራ፣ ሔርሞን ደህና እደር ብላ ስልኩን እስክትዘጋ ድረስ አዩት። ስለ ኤልፍነሽ አንድ ቃል አልነበረም።

"የቆረጥኩት ለአንተ ብዬ ነው" አለች ሔርሞን። በአባቷ ፊት ስታለቅስ ከልጅነቷ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። "ቢቀጥል ይብሳል ብዬ ነው። እዚያ ላይ ስቆርጠው ቢያንስ ያዘንክ ትመስል ነበር።"

መንግሥቱ ወደ ሚስቱ ዞረ።

"አስቤው ነበር" አላት። "የተናገርኩት መስሎኝ ነበር። ያን ጊዜ ደረጃው ላይ፣ አሳንሰሩ ተበላሽቶ፣ ሔርሞንን አዝለሽ..."

"አስታውሳለሁ።" ድምፅዋ ቁጣ የለውም። "ወርደህ ልብሱን ተቀበልከኝ። ያኔም ምንም አላልክም።"

"ኤልፌ፣ ያቺ ሌላዋ..."

"ሌላዋን አውቅ ነበር። እህትህ ከሠርጉ በፊት ነግራኛለች። አውቄ ነው ያገባሁህ።" የቀሚስዋን ጫፍ ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። "አንድ ቀን ይረሳታል፣ ሲረሳት ይነግረኛል ብዬ ነበር። ብትረሳትም ባትረሳትም እኔ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም።"

ሔርሞን ስልኳን አውጥታ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ እያለች በእንባ መሐል ትነካካው ጀመር። ኤልፍነሽ ብታጠፊውም ባታጠፊውም ሰው ሰምቶታል አለቻትና ዓሣው እንዳይቀዘቅዝ ብላ ተነሣች። ሦስቱም በሉ። ስለ ሔርሞን ሥራ፣ ስለ ኮንዶው ማሞቂያ ተወራ። መንግሥቱ ልጁን ሊሸኛት አሳንሰሩ ድረስ ወጣ። ሔርሞን በሩ እስኪከፈት መሬት መሬት ስታይ ቆየች።

"እስካሁን እንደዚህ ወር አውርተኸኝ አታውቅም፣ አባዬ" አለችው። "እስቲ አባቴን እዩልኝ ብዬ ነው ለሰው ያሳየሁት። ይኸው ነው።"

ሊያቅፋት አሰበ። አሳንሰሩ መጣና ገባች።

በነጋታው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ኤልፍነሽ እንደ ወትሮዋ ከመዘምራኑ ጋር ቆማ ዘመረች፤ እሱ የተለመደው ቦታው ላይ ተቀመጠ። ሰዉ ሁሉ ሰላም ሲለው እጁን በሁለት እጅ ይይዝና ከሚገባው በላይ ያቆየዋል። እታገኝ እንኳ ሻይ አምጥታ ሰጠችው፤ ከዚህ በፊት ሰጥታው አታውቅም። መጋቢው ምስክርነት ያለው ሰው ካለ ይነሣ ሲል መንግሥቱ የፊቱን ወንበር ጠርዝ ያዘ። ተነሥቶ ለሁሉም ሊናገር፣ ያን የሰሙትን በዚህ ሊያጥበው ፈለገ። ቀና ሲል ኤልፍነሽ ከመድረኩ እያየችው ነው። እንዲነሣ ትፈልግ ይሁን እንዳይነሣ ፊቷ አልነገረውም። ሌላ ሰው ተነሥቶ ስለ መኖሪያ ወረቀቱ መሳካት መሰከረ። እልል ተባለ። ወደ ቤት የመለሳቸው አውቶቡስ ሞልቶ ስለነበር ተራርቀው ቆሙ።

ከሰዓት በኋላ መንግሥቱ የጠፋው ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጠ። ከወሩ ገና የቀሩ ፊልሞች ነበሩ፤ ሔርሞን መርጣ አስቀምጣቸው ነበር። ኤልፍነሽ ዕቃ አጥባ እጅዋን እያደረቀች መጣች።

"ዛሬ አታይም?"

"ተውኩት።"

"ክፈተው" አለችና አጠገቡ ተቀመጠች። "ይህን ሁሉ ዘመን የምታየውን ነገር እኔም ልየው።"

ከፈተው። የወደብ ከተማ ነው፤ ባልዋ የሞተባት ሴት ክፍል ታከራያለች፤ አንድ ዝምተኛ መርከበኛ በየዓመቱ እየተመለሰ ያንኑ ክፍል ይከራያል። ሌላ ነገር ብዙም የለውም። ጀልባ ይመጣል፣ ጀልባ ይሄዳል፤ ሴትዮዋ አንሶላ ትቀይራለች። ኤልፍነሽ አልተኛችም። ቤቱ ውስጥ ያለችው ልጅ የማን ናት? ብላ ጠየቀች። ይህ ሰውዬ ቤተሰብ የለውም? አለች። መንግሥቱ እየመለሰላት በዓይኑ ጥግ ያያት ነበር። ያ የተሠራችው ጸጉር ገና አልተፈታም። ከውጭ የበረዶው ብርሃን እየገባ ጉንጭዋን አብርቶታል። ይህን ልንገራት ብሎ አሰበ፣ ቀጥሎ ደግሞ ፊልሙ ያልቅና ብሎ አሰበ።

መጨረሻው ላይ ሴትዮዋ ወጥ ቤቷ ውስጥ ልብስ ትተኩሳለች። መርከበኛው ካፖርቱን ለብሶ፣ ሻንጣውን ይዞ በሩ ላይ ይቆማል። ሊሰናበታት የመጣ ነው የሚመስለው። ካውያውን እስክታስቀምጥ ይጠብቃታል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል።

"ምን አላት?" አለች ኤልፍነሽ።

መንግሥቱ ወደ እሷ ዞረ። ኤልፍነሽ ዕድሜዋን ሙሉ ልክ በዚህ እንግሊዝኛ ከሚናገሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ጋር ነው የሠራችው። ሲያንሾካሹኩ ትሰማቸዋለች፤ ጥርሳቸውን አውልቀው ሲናገሩ ትሰማቸዋለች፤ የመጨረሻ ቃላቸውን ለልጆቻቸው በስልክ የምታስተላልፈው እሷ ናት። አስተርጓሚ አያስፈልጋትም። ሁለቱም ያውቃሉ።

ሰውየው ያለው፣ የወደድኩት አንቺን ነው፣ እነዚያን ዓመታት ሁሉ፣ ነው። በአማርኛ ለመድገም ብቻ ነበር የቀረው። ዓረፍተ ነገሩ ተዘጋጅቶ ምላሱ ጫፍ ላይ መጥቷል። ግን የሌላ ሰው ነው። አንዱ ደሞዝ ተከፍሎት የጻፈው፣ ሌላው ተከፍሎት የተናገረው። ይህን ሁሉ ዓመት ጠብቃ ከፊልም የተቆረጠ ነገር ልስጣት? የራሴን እነግራታለሁ፣ ነገ፣ በራሴ አፍ፣ ደህና አድርጌ አስቤበት፣ አለ በልቡ። ለራሱ እንዲህ ነው ያለው።

"መሽቷል፣ ልሂድ ነው የሚላት" አላት።

ስክሪኑ ላይ መርከበኛው ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ካፖርቱን አውልቆ ከበሩ ኋላ ካለው ምስማር ላይ ሰቀለው። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ኤልፍነሽ ሰውየው እስኪቀመጥ ድረስ አየችው። ከዚያ ተነሣች።

"ይሂድ እንግዲህ" አለች። መኝታ ቤት ገብታ ትራስዋን አመጣችና ወደ ሔርሞን የልጅነት ክፍል ሄደች፤ በሩንም ቀስ ብላ ዘጋችው።